ተበትኖ የተገጠመ የቮልስ ሞተር አልነሳ ሲል

በአየር የሚቀዘቅዘው የቮልስዋገን ሞተር ቤት ውስጥ ተበትኖ ከተገጠመ በኋላ በካርቡሬተሩ በኩል እየተኮሰ አልነሳ ሲል ብዙዎች ነዳጁን ይጠረጥራሉ፤ አስቀድሞ መታየት ያለበት ግን የዲስትሪቢዩተሩ፣ ማለትም የእሳት አከፋፋዩ፣ አገጣጠም ነው። ዋናው ዘንግ (ክራንክ ሻፍት) ሁለት ጊዜ ሲዞር ዲስትሪቢዩተሩ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚዞር፣ የ1ኛው ሲሊንደር ፒስተን ላይኛው ጫፍ መድረሱ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም፤ ትክክለኛው ምት የሚታወቀው ካንዴላው ተፈትቶ ቀዳዳው በጣት ከተደፈነ በኋላ ሞተሩ በእጅ ሲዞር የታመቀው አየር ጣቱን ሲገፋ ነው። የዲስትሪቢዩተሩ ማዞሪያ ዘንግ 180 ዲግሪ ዞሮ ከገባ፣ እሳቱ የሚመጣው አዲሱ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ መግባት ሲጀምር ስለሚሆን ነበልባሉ ወደ ካርቡሬተሩ ይመለሳል (የነዳጅ ጥፋት የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው)። የካንዴላ ገመዶቹም በ1-4-3-2 ቅደም ተከተል መሰካት አለባቸው።