ስብራትን ስለሚያሳይ አብሪ ቀለም

ክሮሞዞም ተሰብሮ ቁራጩ በሌላ ክሮሞዞም ላይ ሲቀጠል፣ ወይም በዚያው በገዛ ሥፍራው ተገልብጦ ሲገጥም፣ በስብራቱ ላይ የነበረው ጂን ከባዕድ ጂን ጋር ተዋሕዶ ሕዋሱን ያለ ልክ እንዲባዛ ሊያነሣሣው ይችላል። ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ እ.ኤ.አ. በ1960 በፊላዴልፊያ የገለጡት አጭር ክሮሞዞም በ9ኛውና በ22ኛው መካከል ከተደረገ ልውውጥ የመጣ መሆኑን ጃኔት ራውሊ በ1973 ቢያስረዱም፣ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ነገር የሚታየው በመከፈል ላይ ባለ ሕዋስ ብቻ ነበር። ባረፈ ሕዋስ ኑክሊየስ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ የሚመሰክርልን አብሪው የዲኤንኤ ጠቋሚ ነው፤ ዲኤንኤን ፊደል በፊደል የሚያነቡ መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህ ግን ብዙዎች እንዳረጀ ዕቃ ሲቈጥሩት እታዘባለሁ፣ አዝናለሁም።

ጠቋሚው ለሚፈለገው የጂን ክፍል አቻ የሚሆንና የሚያበራ ቀለም የተያያዘበት የዲኤንኤ ቁራጭ ነው፤ ክሮቹ በሙቀት ከተለያዩ በኋላ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያድር ጥንዱን አግኝቶ ይጣመራል፣ የተረፈው ይታጠባል።

ከዓይነቶቹ ሁሉ እኔ የማደንቀው ብሬክ አፓርት የሚባለውን ነው። ይህ ጠቋሚ የጂኑን አንዱን ወገን በቀይ፣ ሌላውን በአረንጓዴ አስጊጦ፣ ስብራት የሚደርስበትን ሥፍራ በመካከል ይተወዋል፤ ጂኑ ደኅና ሲሆን ሁለቱ ተነባብረው ቢጫ ይመስላሉ፣ ሲሰበር ይለያያሉ። አንዲት ተማሪ ወደ ማይክሮስኮፑ ጠርታኝ፣ ተራርቀው የቆሙትን ቀይና አረንጓዴ ነጥቦች እያሳየች፣ «መምህር፣ ጂኑ ከማን ጋር እንደ ተዋሐደ አገኘሁ» አለችኝ፤ ይህ ስሕተት በየላቦራቶሪው ሥር የሰደደ ነው። ጠቋሚው መሰበሩን እንጂ የባዕዱን ማንነት ከቶ አይናገርም፤ ኃይሉም በዚሁ ነው፣ ምክንያቱም ኤኤልኬ የተባለው ጂን ከብዙ ዓይነት ጂኖች ጋር የሚዋሐድ ሲሆን፣ አንዱ ጠቋሚ የሁሉንም ስብራት ይይዛልና።

የሂሮዩኪ ማኖ ጓዶች በ2007 በጃፓን በሳንባ ካንሰር ውስጥ ያገኙት ውሕደት ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ኤኤልኬና ባልንጀራው ኢኤምኤል4 ሁለቱም በ2ኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ ላይ፣ በ12 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ብቻ ተራርቀው የሚገኙ ስለ ሆኑ፣ መካከላቸው ሲገለበጥ ቀዩና አረንጓዴው የሚለያዩት በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት የነጥብ ስፋት ያህል ካልተራራቁ እንደ ተለያዩ አይቈጠሩም። አረንጓዴው ጠፍቶ ቀዩ ብቻውን ቢቀር ግን፣ የጂኑ የሥራ ክፍል በቀዩ ወገን ነውና፣ ስብራት ተብሎ ይመዘገባል፤ ብቻውን የቀረ አረንጓዴ አይመዘገብም። ይህን ሳይለዩ፣ የተደራረቡትን ኑክሊየሶች ሁሉ እያግበሰበሱ የሚቈጥሩ፣ ናሙናው ያረፈበትንም ብርጭቆ በጠራራ ብርሃን ትተው ቀለሙን የሚያጠፉ ሰዎች መሣሪያውን ባያሙት መልካም ነው። የተዋሐደውን ጂን ስም ማወቅ የሚሻ ግን የሕዋሱን አርኤንኤ ወደሚያነበው ምርመራ ይሂድ።