ሊኑክስ ላይ አስቸኳዩን ዳውንሎድ እንዴት እናስቀድም?

ጉንደ ወይን ሆናችሁ በአንድ የሞባይል ዳታ የፈተና ፋይልና የኡቡንቱ አፕዴት አብራችሁ ታወርዳላችሁ እንበል። አስቸኳዩ ፋይሉ ነው፤ አፕዴቱ ግን መስመሩን ይሻማዋል።

ገቢ ዳታ ኮምፒውተራችሁ ጋ ሲደርስ መስመሩን አቋርጦ ጨርሷል። ስለዚህ መፍትሔው የማያስቸኩለውን ማዘግየት ነው። ፓኬት ሲዘገይ ወይም ሲጣል ቲሲፒ የላኪውን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ለሌላው ቦታ ይለቀቃል።

✅ ቀላሉ መንገድ፦ በአፕት «ዲኤል ሊሚት»፣ በደብሊውጌት ደግሞ «ሊሚት ሬት» በሚሉት አማራጮች የፍጥነት ጣሪያ አብጁ።

✅ ለመላው ኮምፒውተር፦ በ«ቲሲ» ትእዛዝ ገቢውን «አይኤፍቢ» ወደተባለው ምናባዊ የኔትወርክ በር አዙሩ፤ እዚያ ለአስቸኳዩ ቅድሚያ ስጡና ጠቅላላ ጣሪያውን ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ አድርጉ፤ 10 ሜጋቢት ከሆነ 8 ወይም 9። ጣሪያው ዝቅ ካላለ ወረፋው ቴሌ በኩል ይቀራል፤ ቅድሚያ መስጠቱም አይሠራም።

የሞባይል ፍጥነት በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ፣ ጣሪያ ከማበጀታችሁ በፊት በምትሠሩበት ሰዓት ለኩ።