መረብ ኳስ፡- ጨዋታውን የሚያድነው የመጀመሪያው ንክኪ

ወላይታ ሶዶ በስፖርት ስትነሳ ብዙዎች ወዲያው የሚያስታውሱት፣ ወላይታ ድቻ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያሰናበተበትን ጨዋታ ነው፡፡ ድቻ ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ፣ ካይሮ ላይ በተመሳሳይ ውጤት ቢሸነፍም በመለያ ምት 4 ለ 3 አለፈ፡፡ ክለቡ ግን የእግር ኳስ ብቻ አይደለም፤ በመረብ ኳስም በአገሪቱ ፕሪሚየር ሊግ የተፎካከረ ነው፡፡ በዚህኛው ስፖርት ደግሞ መከላከል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት ሊግ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፡፡

በሶዶም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛውና የቢሮ ባለሙያው አመሻሽ ላይ መረብ ወጥረው ሲጫወቱ የሚታየው ነገር ተመሳሳይ ነው፡፡ ሁሉም ከመረቡ ሥር ቆሞ መምታት ይፈልጋል፤ ከኋላ መቀበል የሚፈልግ የለም፡፡ አጠር ያለው፣ ዕድሜው የገፋው ወይም አዲስ የመጣው «አንተ ከዳር ቁም» ይባላል፡፡ ጠንካራ ኳስ ሲመጣበት ያበላሻል፣ ይነጫነጩበታል፣ በሦስተኛው ሳምንት ይቀራል፡፡ የሚያሳዝነው፣ ይህ ሰው የጎደለው ጉልበት ወይም ቁመት ሳይሆን ማንም በጥቂት ሳምንታት ሊማረው የሚችል አንድ ዕውቀት መሆኑ ነው፡፡

ዕውቀቱ በአጭሩ ይህ ነው፡- መከላከል ኳሱን መልሶ መምታት አይደለም፤ ማብረድ ነው፡፡

ለምን ቢባል፣ ሒሳቡን እንመልከት፡፡ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የተመታ ስፓይክ በአንድ ሰከንድ 25 ሜትር ይጓዛል፡፡ ከመረቡ ሰባት ሜትር ርቆ የቆመ ተከላካይ ጋ ለመድረስ ከሰከንድ ሲሶ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል፡፡ የሰው ልጅ ያየውን ተረድቶ መንቀሳቀስ እስኪጀምር ብቻ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህሉ ያልፋል፡፡ የሚቀረው ጊዜ ለአንድ እርምጃ እንኳ አይበቃም፡፡ በመሆኑም ጥሩ ተከላካይ የሚሮጠው ኳሱ ከተመታ በኋላ ሳይሆን ከመመታቱ በፊት ነው፡፡

የመጀመሪያው ሥራ መቆም ነው፡፡ መቺው እጁን ወደ ኋላ ሲስብ ትከሻው ወዴት እንደዞረ አይተው ቦታዎን ይያዙ፤ ኳሱን ሲነካው ግን የትም ይሁኑ የት ባሉበት ይርጉ፡፡ እግሮችዎ ከትከሻዎ ስፋት በለጥ ብለው ይከፈቱ፣ ጉልበትዎ ይታጠፍ፣ ክብደትዎ ወደ እግርዎ ጣቶች ያዘንብል፡፡ እጆችዎን አስቀድመው አያቆላልፉ፤ የተቆላለፈ እጅ ወደ ጎን ለመዘርጋት ይዘገያል፡፡

ሁለተኛው የክንድ ነገር ነው፡፡ ኳሱ የሚያርፈው በእጅ አንጓና በክርን መካከል ባለው ጠፍጣፋ ሥጋ ላይ እንጂ በመዳፍ ወይም በጣት ላይ አይደለም፡፡ ቀስ ብሎ የመጣውን ኳስ በጉልበትዎ ትንሽ ያንሱት፡፡ የተመታውን ግን የተወረወረ እንቁላል እንደሚቀበል ሰው ክንድዎን ወደ ኋላ ለቀቅ አድርገው ይቀበሉት፡፡ ብዙ ጀማሪ በፍርሃት ክንዱን ያወናጭፋል፤ የኳሱ ፍጥነት በክንዱ ፍጥነት ላይ ተደምሮ ኳሱ ከሜዳ ይወጣል፡፡ አቅጣጫውን የሚወስነውም የክንዱ ፊት ስለሆነ፣ ኳሱን ወደሚፈልጉበት ቦታ ትከሻዎን ያዘንብሉ፡፡

ሦስተኛው ኳሱ የት ይሂድ የሚለው ነው፡፡ ለጠንካራ ስፓይክ ትክክለኛው መልስ በራስ ሜዳ መካከል፣ ከመረቡ ሦስት ሜትር በሚርቀው መስመር አካባቢ ከፍ ብላ የምትወጣ ኳስ ናት፡፡ ከፍታዋ አመቻቹ እስኪደርስ ጊዜ ይሰጣል፡፡ ወደ መረቡ ተጠግታ የሄደች ኳስ ግን አንድም ለተጋጣሚ ስጦታ ትሆናለች፣ አንድም አመቻቹን ከመረቡ ጋር ታጋጫለች፡፡

በፒክልቦልም መርሁ አንድ ነው፡፡ ይህ እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የተጀመረ የራኬት ጨዋታ ከመረቡ ግራና ቀኝ 2.13 ሜትር ስፋት ያለው ክልል አለው፤ በዚያ ቆሞ ኳስን ሳትነጥር በአየር ላይ መምታት ክልክል ነው፡፡ ስለዚህ የተጨነቀ ተከላካይ በኃይል ከመመለስ ይልቅ ኳሷን አብርዶ በዚያ ክልል ውስጥ ያሳርፋታል፡፡ የሚገዛው ነገር ያው ነው፤ ጊዜ፡፡

በዳሞታ ተራራ ግርጌ ለሚጫወቱ ደግሞ ሌላ የሚታወስ ነገር አለ፡፡ ሶዶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፡፡ በሳሳ አየር ኳስ ፍጥነቷን በቶሎ አታጣም፤ ወደ ታችም ዘግይታ ትወርዳለች፡፡ ስለዚህ ሰርቭ ሲቀበሉ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ መቆም ይጠቅማል፡፡ አርባ ምንጭን ከመሰለ ዝቅ ያለ ቦታ ተነፍታ የመጣች ኳስም ሶዶ ስትደርስ ይበልጥ ትጠነክራለች፡፡ የከፍታው ልዩነት ብቻ በግፊቷ ላይ በግምት 0.07 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፤ ሕጉ የሚፈቅደው ግፊት ደግሞ ከ0.30 እስከ 0.325 ብቻ ነው፡፡ ክንድ የምታቀላ፣ የማትበርድ ኳስ ካጋጠመችዎ ጥፋቱ የእርስዎ ላይሆን ይችላልና ትንሽ አየር ያስተንፍሷት፡፡

ልምምዱ ወጪ የለውም፡፡ ከግድግዳ ሦስት ሜትር ርቀው ኳሱን በኃይል ይወርውሩና ሲመለስ በክንድዎ አብርደው ከራስዎ በላይ ያውጡት፡፡ ሁለት ሰው ከተገኘ አንዱ ከቅርብ ይምታ፣ ሌላው መሬት ላይ በተሠመረ ክብ ውስጥ ለማሳረፍ ይሞክር፡፡ ከ20 ኳስ ስንቱ እንደገባ በየሳምንቱ ይቁጠሩ፡፡ ጠጠር ባለበት ሜዳ ላይ ግን መወርወርና መንሸራተት ይቅር፤ አንድ ነጥብ ለጉልበት ቁስል አይለወጥም፡፡

የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1998 ሊቤሮ የተባለውን ተጫዋች ወደ ጨዋታው ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ የተለየ ቀለም ያለው ማልያ ለብሶ ከኋላ ብቻ የሚጫወተው ሊቤሮ ብሎክ መሥራት አይፈቀድለትም፤ ሥራው መቀበልና መከላከል ነው፡፡ አጭር ሰውም በትልቁ መድረክ ቦታ ያገኘው በእርሱ በኩል ነው፡፡ ዛሬ አመሻሽ «ከዳር ቁም» የሚባለው ባልደረባችሁም የቡድናችሁ ሊቤሮ ሊሆን ይችላል፡፡ ከመንጫነጭ ይልቅ አሥር ደቂቃ ቀደም ብላችሁ መጥታችሁ አብራችሁት ግድግዳው ጋ ቁሙ፡፡