ዓሣ አጥማጁና ቴርሞሜትሩ፦ ሳልሞንና ትራውት በሰሜን ወንዞች በጋ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 2021 በሰሜን ፊንላንድ፣ ከአርክቲክ ክበብ አልፋ በምትገኘው በኡትስዮኪ ወረዳ፣ የአየሩ ሙቀት 33.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። በዚህች ወረዳ ጠርዝ ፊንላንድንና ኖርዌይን እየለየ የሚፈሰውን ወንዝ ኖርዌያውያን ታና፣ ፊንላንዳውያን ደግሞ ቴኖ ይሉታል። ስሙ ከእኛው ጣና ሐይቅ ጋር የተቀራረበው በአጋጣሚ ነው። ይህ ወንዝ በዓለም ላይ በአትላንቲክ ሳልሞን ሀብታቸው ከታወቁት ወንዞች አንዱ ሲሆን፣ በዳርቻው የሚኖረው የሳሚ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ኑሮውን ከዓሣው ጋር አስተሳስሯል። ሆኖም በዚያው በጋ ሳልሞን ማጥመድ በወንዙ ላይ ፈጽሞ ተከለከለ። ምክንያቱ የአንድ ቀን ሙቀት ሳይሆን ከባሕር የሚመለሰው ዓሣ ቁጥር እጅግ መቀነሱ ነበር። የዓሣው ቁጥር በተመናመነበት ዘመን ግን በበጋ የሚሞት እያንዳንዱ ሳልሞን ዋጋው ከፍ ይላል። ለመሆኑ የውኃ መሞቅ ለሳልሞንና ለዘመዱ ለትራውት ይህን ያህል አስጊ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በሀገራችን ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ የክረምት ወራት ናቸው፤ ወንዞች ይሞላሉ፣ ውኃውም ይደፈርሳል። በሰሜን አውሮፓ ግን እነዚሁ ወራት በጋ ናቸው። የበረዶው ቅላጭ ካለፈ በኋላ ዝናብ ከዘገየ ወንዙ ይጎድላል፣ ይጠራል፣ ይሞቃል። በኡትስዮኪ አካባቢ ደግሞ ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ ማብቂያ ገደማ ፀሐይ ስለማትጠልቅ ውኃው በሌሊት የሚቀዘቅዝበት ዕድል ጠባብ ነው።

የኦክስጅን ዕዳ

እንደ ማንኛውም ጋዝ ሁሉ ኦክስጅንም በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይበልጥ ይሟሟል። በባሕር ወለል ከፍታ፣ ከአየር ጋር በሚገባ የተገናኘ ንጹሕ ውኃ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በእያንዳንዱ ሊትር 14.6 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በ10 ዲግሪ መጠኑ ወደ 11.3፣ በ20 ዲግሪ ወደ 9.1፣ በ25 ዲግሪ ደግሞ ወደ 8.3 ሚሊ ግራም ይወርዳል።

አንባቢ «ቅነሳው ያን ያህል አይደለም» ሊል ይችላል። ነገር ግን ሒሳቡ ሌላ ወገንም አለው። ዓሣ የሰውነቱን ሙቀት እንደ ሰው በራሱ አይቆጣጠርም፤ ውኃው ሲሞቅ ሰውነቱም ይሞቃል። በሰውነቱ ውስጥ የሚካሄዱት ኬሚካዊ ሂደቶችም ይፋጠናሉ። በጥቅሉ ሲታይ የ10 ዲግሪ ጭማሪ የኦክስጅን ፍላጎቱን በእጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። እንግዲህ ፍላጎቱ በሚያድግበት ሰዓት አቅርቦቱ ይቀንሳል ማለት ነው። ዓሣው ስንጥቡን ቶሎ ቶሎ እያንቀሳቀሰ፣ ልቡም እየፈጠነ ክፍተቱን ለመሙላት ይጥራል። ይህ ጥረት ግን ወሰን አለው። ቡናማው ትራውት 25 ዲግሪ ገደማ፣ አትላንቲክ ሳልሞን ደግሞ 27 ዲግሪ ገደማ በደረሰ ውኃ ውስጥ ለቀናት ከቆየ ለሞት ይዳረጋል። ከዚያ በታችም ቢሆን፣ 20 ዲግሪ ካለፈ ጀምሮ ኃይሉ እየመነመነ ይሄዳል።

የተለቀቀው ዓሣ

በሰሜን ወንዞች ዘንድ ዓሣውን በመንጠቆ ይዞ ሳይጎዳ መልሶ መልቀቅ የተለመደ ነው። ዓላማው በጎ ነው፤ ዓሣው ይተርፋል፣ እንቁላሉንም ይጥላል ተብሎ ይታመናል። በቀዝቃዛ ውኃ ይህ ብዙውን ጊዜ እውነት ነው። በሞቀ ውኃ ግን ሁኔታው ይለወጣል።

መንጠቆ የያዘው ሳልሞን በሙሉ ኃይሉ ይታገላል። ለዚህ ድንገተኛ ትግል የሚያገለግለው ነጩ ጡንቻው ኃይልን የሚያመነጨው በአብዛኛው ያለ ኦክስጅን ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ በሰውነቱ ውስጥ ላክቴት ይከማቻል፣ የደሙም አሲድነት ይጨምራል። አንድ ሯጭ ከፈጣን ሩጫ በኋላ ቆሞ እንደሚያለከልክ ሁሉ ዓሣውም ይህን ዕዳ የሚከፍለው ከትግሉ በኋላ ብዙ ኦክስጅን በመሳብ ነው። ውኃው ሞቃት ከሆነ ግን ዕዳውን የሚከፍልበት ኦክስጅን አነስተኛ ነው። ስለዚህ ከአጥማጁ እጅ በሰላም ዋኝቶ የሄደ የሚመስለው ዓሣ ከሰዓታት በኋላ ሊሞት ይችላል። አጥማጁ ይህን ስለማያይ ሕይወት እንዳተረፈ ያምናል።

በሌላ በኩል ሳልሞን ከባሕር ወደ ወንዝ ከተመለሰ በኋላ ምግብ አይመገብም። እስከሚራባበት ወቅት ድረስ የሚኖረው በባሕር ባከማቸው ስብ ነው። ሙቀትም ትግልም ይህን ስንቅ ያለ ጊዜው ያስጨርሱታል።

ወንዙ መጠጊያ፣ ሐይቁ ወጥመድ

በሙቀት ጊዜ ሳልሞንና ትራውት የከርሰ ምድር ውኃ ወደሚመነጭበት፣ ቀዝቃዛ ገባር ወንዝ ወደሚገናኝበት ወይም ጥልቀት ወዳለው ስፍራ ይሰበሰባሉ። ዝናብ ሲጥልና ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ውኃው ይቀዘቅዛል፣ ዓሣውም ጉዞውን ይቀጥላል። ልምድ ያለው አጥማጅ ከዝናብ በኋላ ያለውን ጊዜና ማለዳውን የሚመርጠው ስለዚህ ነው።

የሐይቅ ሁኔታ ይለያል። ውኃ እፍግታው ከፍተኛ የሚሆነው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በመሆኑም በበጋ በጥልቅ ሐይቅ ላይ ሞቃትና ቀላል የሆነው ውኃ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይተኛል፤ ሁለቱም በቀላሉ አይቀላቀሉም። ትራውት ቅዝቃዜ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። ይሁን እንጂ ከእርሻና ከከተማ የሚገባ ማዳበሪያና ቆሻሻ ባበለጸገው ሐይቅ ውስጥ ወደ ወለሉ የሚዘቅጠው ብስባሽ የታችኛውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ያን ጊዜ ዓሣው ከላይ ሙቀት፣ ከታች የኦክስጅን እጥረት ጠፍንገውት በቀጭን የውኃ ንብርብር ውስጥ ይቀራል።

መንጠቆውን የሚያስቀምጥ ሕግ

ይህ እውቀት ዛሬ ወደ ሕግ ተለውጧል። በካናዳ በሚራሚሺ ወንዝ የውኃው ሙቀት ለሁለት ተከታታይ ቀናት በሌሊት እንኳ ከ20 ዲግሪ በታች ካልወረደ፣ ሳልሞኖች የተጠጉባቸው ቀዝቃዛ ስፍራዎች ለማጥመድ ይዘጋሉ። በአሜሪካ ሞንታና ክፍለ ሀገር የውኃው ሙቀት ለሦስት ተከታታይ ቀናት 23 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ ከቀትር በኋላ ከስምንት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ማጥመድ ሊከለከል ይችላል። ኖርዌይም በ2024 በጋ አጋማሽ ላይ የሳልሞን መመለስ በማነሱ 33 ወንዞችን ዘግታለች፤ በዚህኛው እርምጃ መነሻው የዓሣው ቁጥር እንጂ ቴርሞሜትሩ አልነበረም። ለታና ዳርቻ ነዋሪዎች የዓሣ ማጥመድ መቆም የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አባት ለልጁ የሚያስተላልፈው ሙያና ቋንቋ ጭምር አብሮ ይቋረጣል።

ጉዳዩ ከእኛም ፈጽሞ የራቀ አይደለም። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ዌብን በመሳሰሉ ወንዞች የተለቀቀው ትራውት ከምድር ወገብ ብዙም ሳይርቅ ሊኖር የቻለው ከፍታው ውኃውን ስለሚያቀዘቅዘው ነው። ከፍታው ግን የአየሩን ግፊት ስለሚቀንስ በ3000 ሜትር ላይ 10 ዲግሪ የሆነ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ይህም በባሕር ወለል ከፍታ 25 ዲግሪ የሆነ ውኃ ከሚይዘው አይበልጥም። እንዲህ ባለ ስፍራ ትራውቱን የሚያኖረው ቅዝቃዜው የኦክስጅን ፍላጎቱን ዝቅ ስለሚያደርግለት ነው፤ ውኃው ቢሞቅ ይህ ሚዛን ይናጋል። ስለዚህ በሰሜንም ሆነ በባሌ፣ አጥማጅ ዘንጉን ከመዘርጋቱ በፊት ቴርሞሜትሩን ወደ ውኃው ቢያጠልቅ፣ ዛሬ የሚተወው ዓሣ ነገ የሚያገኘው ይሆናል።