ዊንዶውስን ከፍላሽ እንደገና መጫን

ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ሁሉም ነገር ያለቀለት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የተበላሸው ስርዓተ ክወናው እንጂ ማሽኑ አይደለም። ዊንዶውስ 11ን እንደገና ለመጫን ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽና በደንብ የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት በነፃ የሚያቀርበው ማዘጋጃ ፕሮግራም የመጫኛ ፋይሎቹን ከኢንተርኔት አውርዶ ፍላሹ ላይ ያሰናዳል። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

ከዚያ ፍላሹን ሰክቶ ኮምፒውተሩን ማብራትና የማስነሻ ምርጫውን የሚያወጣውን ቁልፍ ወዲያው ደጋግሞ መጫን ነው። ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ በዴል ኤፍ 12፣ በኤችፒ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 9 ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻው ከዚህ በኋላ ነው። መጫኛው የሃርድ ዲስኩን ክፍልፋዮች ሲያሳይ ተቻኩሎ መሰረዝ የዓመታት ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፍ ያጠፋል። ዊንዶውስ ባይነሳም እንኳ ፋይሎቹን ማትረፍ ይቻላል፦ እንደ ኡቡንቱ ያለ ሊኑክስን ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጭኑ በቀጥታ ከሌላ ፍላሽ አስነስቶ ሰነዶቹን ወደ ውጫዊ ዲስክ መገልበጥ። ይህን ባለማወቅ ብቻ ብዙ ሰው ሥራውን ማጣቱ ያሳዝናል። ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መመስጠሪያ ከተቆለፈ ግን ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል።

መጫኛው የምርት ቁልፍ ሲጠይቅ የለኝም ብሎ ማለፍ ይቻላል። ቀድሞ በዲጂታል ፈቃድ ይሠራ በነበረ ማሽን ላይ ያው እትም ከተጫነ፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ፈቃዱ በራሱ ይመለሳል።