ስለ ታወርና ስለ መስተዋት ክር፤ ተረትና እውነታ

በከተማም በገጠርም ብዙ ሰው፣ ከእጅ ስልክ የወጣ ድምፅ ከታወር ወደ ታወር በአየር እየዘለለ፣ ምድር ሳይነካ ከተቀባዩ ጆሮ የሚደርስ ይመስለዋል። እውነታው ግን ድምፁ ከስልኩ እስከ አቅራቢያው አንቴና ድረስ በአየር ይጓዝና፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ረጅሙን ጎዳና አንዳንዱን ማይክሮዌቭ በሚባል የራዲዮ ሞገድ በአየር፣ የቀረውን በከርሠ ምድር በተቀበረ ወይም በምሰሶ ላይ በተዘረጋ፣ ፋይበር በሚባል የመስተዋት ክር ውስጥ ብርሃን ሆኖ ይፈጽመዋል። የኔትወርኩ ዘንጎች ሞልተው ሳለ ኢንተርኔቱ አልሄድ የሚለውም አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ዘንጎቹ የሚመሰክሩት በስልኩና በአንቴናው መካከል ስላለው ሞገድ እንጂ፣ ከአንቴናው ወዲያ ስላለው መስመር አይደለም።

ይኸው የመስተዋት ክር ዛሬ ከታወሩ ግርጌ ሳይቀር እስከ ራሱ ወጥቷል። ስለምን ወጣ ቢባል፣ «ብርሃን ከሁሉ ፈጣን ስለሆነ ነዋ» የሚል አይጠፋም። ብርሃን በጠፈር በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዙ እርግጥ ነው፤ በመስተዋት ውስጥ ግን ወደ 200,000 ይወርዳል፤ በአየር የሚሄደው የራዲዮ ሞገድ ደግሞ የመጀመሪያውን ፍጥነት ያህል እንደያዘ ይሄዳል። በቺካጎና በኒውዮርክ አካባቢ ባሉት ገበያዎች መካከል ከሴኮንድ ሺህኛ ክፋይ ትርፍ የሚለቅሙ ነጋዴዎች ፋይበሩን ትተው የማይክሮዌቭ ታወር የደረደሩት ይህንኑ ዐውቀው ነው።

የክሩ ምስጋና በሌላ በኩል ነው። በቀድሞው ሥርዓት ራዲዮው ከታወሩ ግርጌ በመሣሪያ ቤት ይቀመጥና፣ ያመነጨው ኃይል ፊደር በሚባል ወፍራም የመዳብ ገመድ ወደ አንቴናው ይወጣ ነበር፤ ታወሩም በረዘመ ቁጥር ኪሳራው እየከፋ፣ ግማሽ ያህሉ ኃይል በመንገድ ሙቀት ሆኖ የሚባክንበት ጊዜ ነበረ፤ ከስልክ የሚመጣው ደካማ ሞገድም ሲወርድ እንደዚያው ይመነምናል። አሁን ግን ራዲዮው ራሱ፣ ሠራተኞቹ አር አር ዩ የሚሉት፣ ከአንቴናው ጎን ተሰቅሎ፣ ከታች ካለው መሣሪያ ጋር በብርሃን ይነጋገራል፤ ለዚህ ንግግር የሚሆነውን ሲፒአርአይ የተባለ የጋራ ደንብ ለማውጣት ኤሪክሰን፣ ሁዋዌና ሌሎች አምራቾች የተባበሩት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የዚህ ሁሉ መሠረት ቻርልስ ካኦ ከባልደረባው ከጆርጅ ሆክሃም ጋር በ1966 ያወጣው ጽሑፍ ነው፤ ብርሃንን የሚውጠው የመስተዋቱ ባሕርይ ሳይሆን በውስጡ የተቀላቀለው እድፍ መሆኑን አስረድቶ፣ በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። ዛሬ ጥሩ ፋይበር በ1 ኪሎ ሜትር የሚያጠፋው ብርሃን ከመቶ 5 እጅ አይሞላም።

«መስተዋት ነውና በነፋስ ይሰበራል» የሚሉም አሉ። ክሩ ሲጎተት ግን እኩል ውፍረት ካለው የብረት ሽቦ የሚበልጥ ጽናት አለው፤ ጠላቱ ሌላ ነው። አንደኛው፣ ማሰሪያውን ያለ ልክ አጥብቆ ወይም ገመዱን ያለ ልክ አጥፎ የሚያስር እጅ ነው፤ ብርሃኑ ከተጣመመው ላይ ያመልጣልና። ሁለተኛውና የባሰው ትቢያ ነው፤ በብዙዎቹ ክሮች ብርሃኑ የሚያልፍበት እምብርት ስፋቱ ከሚሊሜትር ሺህኛ 9 ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ለዓይን የማይታይ አንዲት ብናኝ በማያያዣው ጫፍ ላይ ካረፈች በሩን ትዘጋለች። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠራተኛ ክዳኑን የሚያነሣው ሊሰካ ሲል ብቻ ነው፤ አዲስ ከካርቶን የወጣውን እንኳ በማጉያ መነጽር መርምሮ፣ በደረቅ መጥረጊያ ጠርጎ ይሰካዋል። ብርሃን እንዳለበት ለማወቅ ጫፉን በዓይኑ የሚያይ ግን ሁለት ጊዜ ይሳሳታል፤ ብርሃኑ ከቀይ በታች ስለሆነ አይታየውም፣ ዓይኑን ግን ሊጐዳው ይችላል።

በመጨረሻ የመብረቁ ነገር አለ። መስተዋት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ተብሎ ፋይበር የገባበት ታወር መብረቅ የማይደፍረው ይመስላል፤ ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን ላይ የተሰቀለው ራዲዮ በብርሃን አይበላም፤ የ48 ቮልት ኃይል የሚወስድለት መዳብ ከክሩ ጎን፣ አንዳንዴም በአንድ ልባስ ውስጥ ተጠቅልሎ አብሮ ይወጣል፣ መብረቁም ይህን መዳብ ያገኘዋል። ፋይበር ገባ ብሎ የምድር ሽቦውንና ከላይም ከታችም የሚገባውን የመብረቅ መከላከያ ቸል ያለ ባለሙያ፣ ውድ መሣሪያውን ለመጀመሪያው የክረምት ነጎድጓድ አሳልፎ ይሰጣል።