«ትናንት ገብተዋል»፦ የአማርኛ የቅርብ ኀላፊና የእንግሊዝኛ ፕረዘንት ፐርፌክት

የእንግሊዝኛን ግሶች በትምህርት ቤት ያጠናነው በሦስት ረድፍ ነው፤ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን»፤ «ራይት፣ ሮት፣ ሪትን»። ፓስት ፓርቲሲፕል የሚባለው ሦስተኛው ረድፍ ብቻውን ጊዜን አያመለክትም። «ሃቭ» ሲቀድመው ፐርፌክትን፣ «ቢ» ሲቀድመው ደግሞ ተደራጊ ግስን ይመሠርታል። የአማርኛ ተናጋሪ ጸሐፊን ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ቅርጹ ሳይሆን አገባቡ ነው።

«ጽፏል» የተዋቀረው «ጽፎ» ከሚለው ቦዝ አንቀጽና «አለ» ከሚለው ረዳት ግስ ነው። «ሃዝ ሪትን» ደግሞ የባለቤትነት ግስን ይዞ ይነሣል፤ ጥንተ መነሻውም «የተጻፈ ደብዳቤ አለኝ» እንደማለት ያለ አነጋገር ነበር። በሁለቱም ቋንቋዎች ረዳቱ የአሁን ጊዜ በመሆኑ ያለፈው ድርጊት ከአሁኑ ጋር ይተሳሰራል። የሚያዘናጋውም ይኸው መመሳሰል ነው። በአማርኛ ዜና «ሚኒስትሩ ትናንት አዲስ አበባ ገብተዋል» ቢባል ማንንም አይጎረብጥም፤ እንግሊዝኛ ግን «ሃዝ አራይቭድ የስተርደይ» የሚለውን አይቀበልም። የተቆረጠ ያለፈ ጊዜ ከተጠቀሰ የሚያስፈልገው «አራይቭድ» ብቻ ነው። ክልከላው ከቅርጹ የመጣ አይደለም፤ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ በተመሳሳይ ቅርጽ «ትናንት»ን ያለ ችግር ያስገባሉና። በዚህ ረገድ አማርኛ ከእነርሱ ጋር ይሰለፋል።

በመመረቂያ ጽሑፌ ረቂቅ ላይ «ዘ ዳታ ሃቭ ቢን ኮሌክትድ ኢን 2022» ብዬ ነበር። አማካሪዬ «ሃቭ ቢን»ን ሰርዘው «ወር» ሲሉ የምርጫ ጉዳይ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። በተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት ውስጥ ነገሩ ይረቅቃል። «ሃቭ ሾውን» ማለት ግኝቱን ለዛሬው ክርክር ማቅረብ ሲሆን፣ «ሾውድ» ግን አንድ ጥናት ያኔ ምን እንዳሳየ ብቻ ይተርካል፤ ግኝቱ ዛሬም ይጸና እንደሆነ አይናገርም። «ኢን 2010» በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ከገባ «ሃቭ ሾውን» አይሄድም። ዓመቱ ለምንጭ መጠቆሚያ በቅንፍ ሲቀመጥ ግን የዐረፍተ ነገሩ አካል ስላልሆነ አይከለክልም።

ስሕተቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይከሠታል። «ከ2010 ጀምሮ እዚህ ይሠራል» ስንል ግሱ የአሁን ጊዜ ነው። ይህን ቃል በቃል የሚመልስ ሰው «ሂ ዎርክስ ሂር ሲንስ 2010» ይላል፤ እንግሊዝኛ ግን እዚህ ላይ ፐርፌክቱን፣ «ሃዝ ዎርክድ»ን፣ የግድ ይላል።